ስለ ቃየል ድንጋይ፤ በሲኒማ የሰውን ደም እንደ ጨዋታ ስለ ማየት የተጻፈ ሐተታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

በኦሪት ዘፍጥረት በ4ኛው ምዕራፍ ቃየል ወንድሙን አቤልን በሜዳ እንደ ገደለው ተጽፏል። በምን መሣሪያ እንደ ገደለው ግን ኦሪት አትናገርም። መጽሐፈ ኩፋሌ በ4ኛው ምዕራፍ ይህን ሲያስረዳ በድንጋይ እንደ ገደለው፥ ኋላም የገዛ ቤቱ ወድቆበት በቤቱ ድንጋይ እንደ ሞተ ይተርካል። ይህ ስለ ምን ቢሉ፥ ሰው ባልንጀራውን በገደለበት መሣሪያ እርሱም በእውነተኛ ፍርድ እንደሚጠፋ ለማጠየቅ ነው። አንድም፥ ቃየል ድንጋዩን ከእጁ ቢጥለው ድንጋዩ ከሕይወቱ እንዳልወጣ ለማጠየቅ ነው፤ የገደለበትን ድንጋይ በሜዳ ትቶት ሄደ፥ ዳሩ ግን ቤቱን በድንጋይ ሠርቶ ከድንጋይ በታች ኖረ።

ኦሪት ስለ አቤል የምትነግረው ሌላ ነገር አለ። አቤል በሕይወቱ ሳለ የተናገረው አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈለትም፤ ከሞተ በኋላ ግን ደሙ ከምድር ወደ እግዚአብሔር እንደ ጮኸ ተነገረለት። ደም አፍ አለውን ቢሉ፥ አፍስ የለውም፤ ሰው ያልጠየቀለትን ደም እግዚአብሔር እንዲመራመረው ሲያጠይቅ ነው። ከዚህም መጽሐፍ መግደልን የሚያሳይበት ሥርዓት ይታወቃል፤ ለሞተው ድምፅ ይሰጣል፥ የገደለውንም ወንድምህ ወዴት ነው እያለ ይመረምረዋል። በዚህ ሚዛን ዛሬ በዓለም ሁሉ ብዙ ሰው የሚያየውን የውጊያና የበቀል ፊልም መመዘን ይገባል።

ሲኒማ በአዲስ አበባ መታየት በጀመረበት ዘመን ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት ሰይጣን ቤት ብሎ እንደ ሰየመው ይታወቃል። ዳሩ ግን ስም ማውጣት መመርመር አይደለም። በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ሄሮድስ ያስፈጃቸው ሕፃናት፥ የሰማዕታት ስቃይ፥ ከሁሉም በላይ የጌታችን ግርፋትና ስቅለት ተሥሎ ይታያል፤ ያን ሥዕል ያየ ምእመን ይሰግዳል፥ ያለቅሳል፥ ስለ ኀጢአቱም ያዝናል እንጂ አያጨበጭብም። እንግዲህ ሥዕል ደምን ስላሳየ ብቻ አይነቀፍም። ሊጠየቅ የሚገባው ሥዕሉ ተመልካቹን ከማን አጠገብ እንዳቆመውና ደሙን ሲያይ ልቡ ወዴት እንዲያዘነብል እንዳደረገው ነው።

ለዚህ ምርመራ ራምቦ በሚባለው ወታደር ስም የተሠሩት አምስቱ የአሜሪካ ፊልሞች ይበቃሉ። ስለ ምን ቢሉ፥ በአንድ ሰው ታሪክ ጀምረው በ37 ዓመት ውስጥ ከጥቂት ደም ወደ ብዙ ደም የሄዱ ናቸውና፤ መንገዱን ደረጃ በደረጃ መከተል ይቻላል።

የመጀመሪያው ፊልም የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የሚነገረውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው። አዘጋጁ ቴድ ኮቼፍ፥ ራምቦን ሆኖ የሚታየው ሲልቬስተር ስታሎን ነው፤ ነገሩም የተወሰደ ዴቪድ ሞሬል በ1972 ካሳተመው ልብ ወለድ ታሪክ ነው። ራምቦ በቬትናም ጦርነት የተዋጋ ወታደር ነው። አብሮት የዘመተ ጓደኛውን ሊጠይቅ ቢሄድ በደዌ ሞቶ ቈየው። ከዚያም ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ቢገባ የከተማይቱ የፖሊስ ሹም እንደ ዱርዬ ቈጥሮ ከከተማው አወጣው፥ በተመለሰም ጊዜ አሰረው፤ ፖሊሶቹም በእስር ቤት አዋረዱት። እርሱም አምልጦ ወደ ጫካ ሸሸ። በዚያም አንድ ፖሊስ በሄሊኮፕተር ሆኖ እየተኰሰ ሊገድለው ሲል ራምቦ ድንጋይ አንሥቶ ወረወረ፤ ድንጋዩ የሄሊኮፕተሩን መስተዋት መታው፥ ሄሊኮፕተሩም ተናወጠ፥ ፖሊሱም ወደ ገደሉ ወድቆ ሞተ።

በዚህ ፊልም ውስጥ ሲሞት የሚታየው ይህ አንድ ሰው ብቻ ነው። የሞቱም ነገር ቀላል ሆኖ አልታለፈም። ራምቦ እጁን ዘርግቶ ወጥቶ የሞተው ሰው በእርሱ ፈቃድ እንዳልሞተ፥ ሌላም ሰው እንዲጎዳ እንደማይወድ ለሚያሳድዱት ይናገራል። በመጨረሻም ከተማይቱን ካወከና ካቃጠለ በኋላ በቀድሞ አለቃው ፊት ተቀምጦ በጦርነት ስለ ሞተ ጓደኛው እንደ ሕፃን ያለቅሳል፥ እጁንም ይሰጣል። በሞሬል መጽሐፍ የሚሞተው ሰው ብዙ ነው፥ ራምቦም ራሱ በፍጻሜው ይሞታል፤ ፊልሙ ግን ደሙን ቀንሶ ልቅሶውን ትቶልናል። ይህ ሥራ ነቀፋ የለበትም ማለት አይቻልም፤ ቍጣን በእሳት ማብረድ ይታይበታልና። ነገር ግን በውስጡ የቆመ አንድ ነገር አለ፤ የአንድ ሰው ሞት ክብደት አለው፥ የወረወረውም ሰው ስለ ድንጋዩ ይጠየቃል።

በ1985 በወጣው በ2ኛው ፊልም ራምቦ ወደ ቬትናም ተመልሶ የተማረኩትን ሲያስፈታ የሞተው ሰው ብዙ ሆነ። በ1988 በወጣው በ3ኛው ፊልም ወደ አፍጋኒስታን ሄዶ ከሶቪየት ጦር ጋር ሲዋጋ ሙታኑ ከመቶ በለጡ። በ2008 የወጣውንና ስታሎን ራሱ ያዘጋጀውን 4ኛውን ፊልም ቈጥረው የተናገሩ ሰዎች ሙታኑን ከሁለት መቶ በላይ አድርገዋቸዋል። ፊልሙ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ተካፍሎ ቢታይ በየደቂቃው ከሁለት ሰው የማያንስ ይሞታል ማለት ነው። በ2019 የወጣው 5ኛውና የመጨረሻው ደግሞ ራምቦ የጠላቱን ደረት ከፍቶ ልቡን ሲያወጣ አሳይቶ ይፈጸማል። በ1982 አንድ ሰው በመሞቱ የደነገጠው ሰው በ2019 የሰው ልብ በእጁ ይዞ ታየ።

ይህ መብዛት እንዴት መጣ ቢሉ፥ የተመልካች ልማድና የሕጉ መላላት አንድ ላይ ስለ ሄዱ ነው። በአሜሪካ የፊልም ሠሪዎች ማኅበር በ1930 ሥነ ሥርዓት ተቀብሎ ነበር፤ ከጻፉትም ሰዎች አንዱ ዳንኤል ሎርድ የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነው። ያ ሥነ ሥርዓት ከ1934 ጀምሮ በብርቱ ሲጠበቅ ጭካኔ ያለበት አገዳደል በዝርዝር እንዳይታይ ይከለክል ነበር፤ በዚህ ዘመን በሆነ ታሪክም በቀል እንደ ጽድቅ ሆኖ እንዳይነገር ያዝዝ ነበር። በ1968 ግን ቀረ፤ በስፍራውም ፊልምን በተመልካች ዕድሜ የሚመድብ ሥርዓት ገባ። ስለዚህ ነገሩ ምን ይታይ ከሚለው ወጥቶ ማን ይየው ወደሚለው ተዛወረ። የ2008ቱ ራምቦ ዕድሜው ከ17 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ እንዳያየው በተመደበው ክፍል ነው። ይህ በር በሲኒማ ቤት ደጃፍ ዘበኛ ሊኖረው ይችላል፤ ፊልም በእጅ ስልክ ወደ ልጆች መኝታ ሲገባ ግን ዘበኛው ወላጅ ብቻ ነው።

ከአምስቱ ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን ሰው የሚበልጥ ጥያቄ ያለበት የ2008ቱ ነው፤ ነገሩ ከስብከትና ከጸሎት ሰዎች ጋር የተያያዘ ነውና። ፊልሙ የሚጀምረው በበርማ፥ ዛሬ ምያንማር በምትባለው አገር፥ በሕዝብ ላይ የደረሰውን እውነተኛ መከራ ከዜና በተወሰደ ሥዕል በማሳየት ነው። በዚያች አገር የካረን ሕዝብ ከ1949 ጀምሮ በጦርነት ብዙ ተሠቃይቷል፤ ከመካከሉም ብዙዎች ክርስቲያኖች ናቸው። ከአሜሪካ ከኮሎራዶ የመጡ ሰባክያን ለእነዚህ ሰዎች መድኃኒትና መጽሐፍ ሊያደርሱ ይሻሉ። ራምቦ በታይላንድ እባብ እያጠመደና ጀልባ እየነዳ ይኖራል፤ በወንዙ እንዲያሻግራቸው ቢለምኑት መሣሪያ ካልያዙ የሚለውጡት ነገር እንደሌለ ነግሮ እንቢ ይላቸዋል። ኋላም በአንዲት ሴት ልመና እሺ ብሎ ይወስዳቸዋል። በመንገድ ወንበዴዎች በያዟቸው ጊዜ ራምቦ ወንበዴዎቹን ይገድላል። የሰባክያኑ አለቃ ማይክል በርኔት ግን ነፍስ ማጥፋት ከቶ ትክክል እንደማይሆን ተናግሮ ይገሥጸዋል።

እነሆ በዚህ ስፍራ ሁለት ትምህርት ፊት ለፊት ቆሙ። አንደኛው፥ ሰይፍ ያልያዘ ሰው በዓለም ምንም አይለውጥም ይላል። ሁለተኛው፥ ሰይፍ ሳይዙ ቁስል ማጠብና ወንጌል ማስተማር ይገባል ይላል። መልካም ጸሐፊ ቢሆን ሁለቱን እስከ መጨረሻው አከራክሮ፥ የአንዱንም ድካም የአንዱንም ብርታት ገልጦ ባሳየ ነበር። ፊልሙ ግን ክርክሩን በቃል አልፈጸመውም። ወታደሮች መንደሪቱን ያጠፏታል፥ ሰባክያኑን ይማርካሉ፤ ፓስተራቸው ቅጥር ወታደሮችን ይዞ ይመጣል፥ ራምቦም አብሮ ይሄዳል። በመጨረሻው ውጊያ ራምቦ በመኪና ላይ የተጠመደ ታላቅ መትረየስ ይዞ ወታደሮቹን ያጭዳቸዋል፤ የሰው ሥጋ ሲበተንና ደሙ እንደ ጭስ ሲተን በቅርብ ይታያል። በዚያም መካከል ነፍስ ማጥፋት ትክክል አይደለም ያለው ማይክል ድንጋይ አንሥቶ የአንድ ወታደር ራስ ደጋግሞ እየመታ ይገድለዋል።

የክርክሩ መልስ ይህ ድንጋይ ነው። ተመልካቹ በዚያ ጊዜ እንዲያዝን አልተደረገም፤ ሰባኪው ነገሩ አሁን ገባው ብሎ እንዲያስብ ነው የተዘጋጀው። በ1982 ድንጋይ የወረወረው ወታደር አንድ ሰው ሞተ ብሎ ደነገጠ፤ በ2008 ድንጋይ ያነሣው የወንጌል ሰው ግን ምንም አልተባለም። ወንድምህ ወዴት ነው የሚለው የለም። ሰባኪው ከውጊያው በኋላ ሲጸልይ ወይም ንስሓ ሲገባ ቢታይ፥ ወይም እጁ ሲንቀጠቀጥ አንድ ደቂቃ እንኳ ቢሰጠው፥ ሥራው የአንድን ሰው ውድቀት የሚናገር ታላቅ ነገር በሆነ ነበር። ሰው በጭንቅ ጊዜ ካመነበት ነገር እንደሚወድቅ ጴጥሮስ ምስክር ነው። ነገር ግን ጴጥሮስ ከወደቀ በኋላ ወደ ውጭ ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፤ ወንጌል ዶሮው ሲጮኽ አሰማን። በፊልሙ ዶሮ አልጮኸም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህም ከተመልካች ዓይን ፈጽሞ የተሰወረ ነው። ፊልሙ በመጀመሪያው ክፍል የበርማ ወታደሮች ከየመንደሩ ጕልማሶችን ከእናቶቻቸው ነጥቀው በግድ ወታደር ሊያደርጉ ሲወስዱ ያሳያል። ተመልካቹም በዚያ ጊዜ ያዝናል፤ ማዘንም ይገባዋል። በመጨረሻው ውጊያ መትረየሱ ሲያጭድ ግን ከወታደሮቹ መካከል በግድ የተወሰደው የትኛው፥ በፈቃዱ የዘመተው የትኛው እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም አንድ ልብስ ለብሰዋል፥ ሁሉም ስም የላቸውም፥ ሁሉም ይወድቃሉ። በመጀመሪያ ያለቀስንላቸውን ልጆች በመጨረሻ እያጨበጨብን ሳንገድላቸው አልቀረንም። መጠን ያለፈ ደም ማሳየት የሚያመጣው ጉዳት ይህ ነው፤ ሙታኑ ሲበዙ እያንዳንዱ ሙት ይጠፋል፥ ደሙ ሲበዛ የደሙ ድምፅ ይታፈናል።

ወንጌል ግን እንዲህ አይደለም። በጌቴሴማኒ ጴጥሮስ ሰይፍ መዝዞ የሊቀ ካህናቱን ባሪያ ቀኝ ጆሮ ቈረጠው። ዮሐንስ በ18ኛው ምዕራፍ የዚያን ባሪያ ስም ማልኮስ ብሎ ጽፎልናል፤ ሉቃስም በ22ኛው ምዕራፍ ጌታ ጆሮውን ዳስሶ እንዳዳነው ጽፏል። ማልኮስ ጌታን ሊይዙ ከመጡት አንዱ ነው። ስሙን ስለ ምን ጻፈው ቢሉ፥ ነገሩ እውነት እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው። አንድም፥ በእግዚአብሔር ዘንድ ሊያስር የመጣ ጠላት እንኳ ስም ያለው ሰው እንደ ሆነ ለማጠየቅ ነው። ማይክል በድንጋይ የገደለው ወታደር ግን ስም የለውም፤ ጆሮውን የሚዳስስለትም አልመጣም።

የፊልም ደም ሐሰት ነው፥ ሞተ የተባለው ሰው ሥዕሉ ከተነሣ በኋላ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይገባል፥ ስለ ሐሰት ደም ይህን ያህል መጨነቅ ምንድር ነው የሚሉ አሉ። ነገራቸው በከፊል እውነት ነው። በ2008ቱ ፊልም የሚታየው ደም ብዙው በኮምፒውተር የተሠራ ነው። ፊልም ሠሪው ነፍሰ ገዳይ ነው ማለት ሐሰት ነው፤ ፊልሙን ያየ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል ማለትም እንዲሁ ሐሰት ነው፥ በሐሰት ደግሞ እውነትን መርዳት አይቻልም። ዳሩ ግን ደሙ ሐሰት ቢሆን የተመልካቹ ደስታ እውነት ነው። ደሙ በመጋረጃ ላይ ይቀራል፥ ደስታው ከተመልካቹ ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህን የሂጶን ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ በ6ኛው ክፍል ስለ ወዳጁ ስለ አሊጲዎስ በተረከው ታሪክ አስረድቶታል። አሊጲዎስ ሕግ ሊማር ወደ ሮም በሄደ ጊዜ ሰው ከሰው ጋር እስከ ሞት የሚታገልበትን ትርኢት ይጸየፍ ነበር። ጓደኞቹ በግድ ጐትተው ወሰዱት፤ እርሱም ሥጋው ቢገባ ዓይኑንና ልቡን እንደማያስገባ ነግሯቸው ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ከታጋዮቹ አንዱ ሲወድቅ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ አሊጲዎስም ምን ሆነ ብሎ ዓይኑን ከፈተ። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ሊመልስ አልቻለም፤ ከወደቀው ታጋይ ይልቅ እርሱ በነፍሱ ቈሰለ፥ ሌላ ቀንም ራሱ መጣ፥ ሌሎችንም ይዞ መጣ። ኋላ እግዚአብሔር መልሶት የታጋስቴ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። በሮም የፈሰሰው ደም እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን አሊጲዎስን ያቈሰለው ሰይፍ በዓይኑ የገባው ሥዕልና በጆሮው የገባው የሕዝብ ደስታ ነው። ለፊልምም የተከፈተው በር ይኸው ነው፤ የሚለየው ፊልም ደጋግሞ ለማየት የሚያመች መሆኑ ብቻ ነው።

ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ የኢያሱን፥ የሶምሶንን፥ የዳዊትን ጦርነት ይናገር የለምን የሚሉ አሉ። ይናገራል። ነገር ግን እንዴት እንደሚናገር ማስተዋል ይገባል። ዳዊት ሲያሳድደው የኖረው ሳኦል በሞተ ጊዜ ልብሱን ቀዶ አለቀሰ፥ ጾመ፥ የልቅሶ ቅኔም ተቀኘ፤ መንግሥቱን ሊቀማው ጦር ያስነሣበት ልጁ አቤሴሎም በሞተ ጊዜ የድሉ ቀን ወደ ልቅሶ ተመለሰ። በዜና መዋዕል ቀዳማዊ በ22ኛው ምዕራፍም ብዙ ደም ስላፈሰሰ የእግዚአብሔርን ቤት እንዳይሠራ እንደ ተከለከለ ዳዊት ራሱ ለልጁ ለሰሎሞን ነግሮታል። ጦርነቱ በትእዛዝ ሆኖ ሳለ፥ ድሉም ከእግዚአብሔር ሆኖ ሳለ፥ ደሙ እንደ ውኃ አልተቈጠረም።

መኳንንትና የጦር አለቆች ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በ13ኛው ምዕራፍ ሹም ሰይፍ የታጠቀው በከንቱ እንዳልሆነ ያስተምራል፤ ስለ ድሃ መዋጋት ስለ ሀገርም መሞት ከጥንት የተከበረ ነው። የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ ግን በጦርነት የገደሉት እንደ ነፍሰ ገዳይ ባይቈጠሩም እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ሦስት ዓመት ከቍርባን ቢታቀቡ መልካም እንደ ሆነ በቀኖናው መክሯል። እነሆ አባቶች በሚገባ ጦርነት የገደለውን እንኳ በልቅሶና በጾም ተቀብለውታል። በጦር ሜዳ የዋለ ሽማግሌ ያየውን ለልጆቹ ሲያወራ ዝም የሚልበት ስፍራ አለው፤ ያን ዝምታ ፊልሙ አያውቀውም። በካረን ሕዝብ ላይ የደረሰው ግፍ ተከላካይ የሚያሻው ሊሆን ይችላል፤ ፊልሙ የተነቀፈው ሰይፍ መዘዘ ተብሎ አይደለም። የእውነተኛ ሙታንን ሥዕል በመጀመሪያ አሳይቶ፥ በእነርሱ ስም ፈቃድ ወስዶ፥ መግደልን የዓይን ደስታ ስላደረገው ነው።

ደም ያለበት ፊልም ሁሉ አንድ ነው እንዳይባል ሌላ ምስክር ይቁም። ዴዝሞንድ ዶስ የሚባል አሜሪካዊ የአድቬንቲስት ማኅበር ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሣሪያ አልይዝም ብሎ የቁስለኞች ረዳት ሆኖ ዘመተ። በ1945 በኦኪናዋ ደሴት ጓዶቹ ካፈገፈጉበት ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን ቀርቶ 75 ያህል ቁስለኞችን በገመድ አሥሮ አወረደ፤ በዚያው ዓመት ፕሬዝዳንት ትሩማን የሀገሩን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ሸለመው። ሜል ጊብሰን ይህን ታሪክ በ2016 በፊልም አውጥቶታል። በእርሱም ፊልም የውጊያው ሥዕል እጅግ የከበደ ነው፥ በአንዳንድ ስፍራም መጠኑን ያልፋል፤ ይህ አይሸሸግም። ሆኖም ተመልካቹ የቆመው ቁስለኛውን ከሚሸከም ሰው አጠገብ ነው፤ የሚቈጥረውም የወደቁትን ሳይሆን የዳኑትን ነው። የቆሰለ ጃፓናዊ እንኳ ከዶስ እጅ መድኃኒት ሲያገኝ ይታያል። ራምቦ ለሰባክያኑ መሣሪያ ካልያዛችሁ የምትለውጡት የለም ላላቸው ቃል ከዚህ የሚበልጥ መልስ የለም፤ ይህም በልብ ወለድ የተፈጠረ ሳይሆን በእውነት የሆነ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ቢሉ፥ ፊልምን ሁሉ ክፉ ብሎ መከልከል ብቻ አይበቃም፤ የተከለከለ ልጅ እንደ አሊጲዎስ ጓደኞች ያሉ ጓደኞች አያጣም፥ እርሱም አንድ ቀን ዓይኑን ይከፍታል። የንስሓ አባት ልጁን ምን አየህ ብሎ ብቻ ሳይሆን ባየህ ጊዜ ልብህ በምን ደስ አለው ብሎ ይጠይቀው። አባት ከልጁ ጋር ተቀምጦ ቢያይ፥ ሰው በወደቀ ጊዜ ይህ የማን ልጅ ነው ብሎ ይጠይቀው። ልጁ መልስ ቢያጣ መልካም ነው፤ ፊልሙ የሸሸገውን ሰው መፈለግ ጀምሯልና። መኰንንም በአዳራሹ እንዲህ ያለ ፊልም ሲታይ ሎሌዎቹ በምን እንደሚስቁ ያስተውል፤ በሰው ሥቃይ መሣቅ የለመደ ሎሌ ነገ በሹመት ቢቀመጥ ከድሃ ጩኸት የሚሰማው ጥቂት ነው። ስለ ሰላምና ስለ ጠላት በቅዳሴ የሚጸለየውን ጸሎት በእሑድ የሚሰማ ጆሮ፥ በሰንበት ማግስት የጠላትን ጩኸት በደስታ ከሰማ፥ ጸሎቱ በአንደበት ይቀራል።

በኩፋሌ የተጻፈው የቃየል ቤት በአንድ ቀን አልተሠራም፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተጨመረ ተሠራ እንጂ። ቃየልም በጥላው ሥር ሲቀመጥ ደስ ሳይለው አልቀረም። በየሌሊቱ በቤታችን የምናየው ሥዕልም እንዲሁ አንድ በአንድ ይከመራል። ከዚያ ጣሪያ በታች የሚተኙት ልጆቻችን ናቸውና ድንጋዩ ሳይበዛ አንዱን ከአንዱ እየለየን እንመርምር። የአቤልን ደም ድምፅ የሰማ አምላክ ለሁላችን የሚሰማ ጆሮ ይስጠን፤ ከደም ማፍሰስና በፈሰሰው ደም ደስ ከመሰኘት ይሠውረን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።